እናቴ ከተማዋን ያስጎበኘችበት ማክሰኞ

እናቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። በከተማችን ውስጥ እሷ ያልገባችበት ግቢ፣ ያልተንበረከከችበት ጓሮ የለም። ቆጣሪ መቼም ሰው በሚያየው ቦታ አይቀመጥም፤ ወይ ከደረጃ ስር ነው፣ ወይ ከዶሮ ቤት ኋላ፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ በረሳው ምድር ቤት ውስጥ። ስለዚህ እናቴ ከተማዋን የምታውቃት በሳሎኗ ሳይሆን በጓዳዋ ነው። ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ለትልቁም ለትንሹም «እትዬ ቆጣሪ» ናት። እትዬ ቆጣሪ መጣች ሲባል ውሻ ይታሰራል፣ በር ይከፈታል፣ «እስቲ አንዴ አረፍ በይ» ይባላል። እሷም ታርፋለች፤ የቀረበላትን ትቀምሳለች፣ የወጥ ቤቱን ነገር ሁሉ በዓይኗ ትመዝናለች።

ከዚያ በርቀት የሚነበቡ አዳዲስ ቆጣሪዎች መጡ። እናቴ አንድ የምስጋና ወረቀትና አንድ ጃንጥላ ተሸልማ ጡረታ ወጣች።

እኔ ልጇ በማዘጋጃ ቤቱ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የምቀበለው እንግዳ አልነበረም። ባቡር በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አምስት ደቂቃ ይቆማል፣ ይሄዳል። የሚወርድ ካለም ዘመድ ጥየቃ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ የት ልብላ ብሎ አይጠይቅም። ያሳተምነው ብሮሸር አራት ፎቶግራፍ ነበረው፦ አዲሱ ሆቴል፣ የአደባባዩ ፏፏቴ፣ ስታዲየሙና አንድ ባንክ። ባንኩ የገባው ቦታ ለመሙላት ነው።

እናቴ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ መጣች። በእጇ ፊትና ጀርባው በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይዛለች። ከላይ በትልቁ «የት ይበላል? ምን ይታያል?» ይላል። ከስር ሰባት ምግብ ቤትና አምስት ቦታ፣ እስከነ መንገዳቸው፣ እስከነ ሰዓታቸው። ለእኔ አላሳየችኝም። ቀጥ ብላ ወደ አለቃዬ ጠረጴዛ ሄደች።

አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ጫማው ሁሌም እንደ መስታወት ነው። ወረቀቱን አነበበና ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ሾርባ ቤት ያሉት ከጎማ ጥገናው ጀርባ ያለውን ነው?»

«አዎ ልጄ። ሰማያዊ በር አለው።»

«እንግዳ ተቀብዬ ጎማ ቤት ጓሮ ወስጄ ላብላ?»

«እሷ ቤት በልቶ ሆዱን ያመመው ሰው የለም።»

«በምን አወቁ?»

«በውሃዋ ነዋ!» አለች እናቴ፣ ጥያቄው ገርሟት። «አራት ጠረጴዛ ይዛ በወር ሃያ ሁለት ሜትር ኩብ ትጨርሳለች። ያ አዲሱ ሆቴላችሁ በአርባ ጠረጴዛ ያን አይሞላም። ጎመኑን በምን እንደሚያጥቡት እነሱ ይወቁ።»

ከጎኔ ያለችው ጸሐፊ ሳቋን ለመደበቅ እንደ መሳል አለች። አለቃዬ ግን ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰላት። «እትዬ፣ ቱሪዝም ሳይንስ ነው። ባለሙያ አጥንቶታል። ይቺ ከተማ ግማሽ ሰዓት የሚበቃት ናት፤ እኛ ያንን ግማሽ ሰዓት ማሳመር ነው ሥራችን። እርስዎ አሁን የዕረፍት ጊዜዎ ነው።»

እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ የሌለ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። በቁሜ ቀለጥኩ፤ ያሳፈረኝ ግን እሱ ሳይሆን እሷ ነበረች። እናቴ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ በእኔ በኩል ስታልፍ «መሀረብሽን ቤት ረስተሽ ነበር» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች። የዚያ ቀን ነገር ከዚያ በኋላ በቤታችን አልተነሳም።

ነገሩ የተነሳው ከሦስት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የባቡር ጣቢያው ሹም ወደ ቢሯችን ደወሉ። ሹሙ በስልክም ቢሆን የሚጮኹ ሰው ናቸው። ከከተማው ማዶ ቋጥኝ ተንዶ ሐዲዱ ላይ ወርዷል፤ ባቡሩ እኛ ጋ ቆሟል፤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አይንቀሳቀስም። «ስልሳ ሦስት መንገደኛ መሳፈሪያው ላይ ተደርድሮ እኔን ያየኛል! ቱሪዝም አይደላችሁ? ኑና ውሰዱልኝ!»

አለቃዬ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ክራቫቱን አስተካከለ። ብሮሸሩን በሁለት ካርቶን ተሸክመን ሄድን። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ጣቢያው መጋዘን አስቀምጠው ተከተሉን፤ ሠራተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት አለች። አንድ ሰው ብቻ አልነቃነቅ አለ። ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የመነጽር ነጋዴ እንደሆኑ በኋላ ነው ያወቅነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት በሳምንት ሁለቴ በዚህ አልፌያለሁ» አሉኝ። «በመስኮት ያየሁት አንድ የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ትተናቸው ሄድን። መጀመሪያ አደባባዩ ጋ ደረስን። ፏፏቴው ደርቋል። አንዲት ጠብታ የለችም፤ ገንዳው ውስጥ ቅጠልና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ። አለቃዬ «ለጊዜው ነው» አለ። ስታዲየሙ ተቆልፏል። ባንኩን በውጭ አየነው። አንድ ተማሪ ብሮሸሩን ከባንኩ ጋር እያስተያየ «በፎቶው ላይ ያምራል» አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። አዲሱ ሆቴል ስንደርስ ደግሞ አዳራሹም ወጥ ቤቱም ለስብሰባ ተይዟል፤ አስተናጋጁ «ሃያ ሰው ከሆነ እንሞክራለን፣ ስልሳ ሦስት ግን አይታሰብም» ብሎ በሩን ገርበብ አደረገው። ሰዓቴን አየሁ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ከተማችንን አስጎብኝተን ጨርሰናል።

ያኔ ጉድ ፈላ። ሕፃኑ አለቀሰ። አንዱ «ገንዘባችን ይመለስ» አለ፤ ለእኛ የሰጠው ገንዘብ አልነበረም፣ ግን ማንም አላስታወሰውም። አለቃዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቀስ በቀስ ከሰው ራቀ፤ ከዚያ ጥግ ታጠፈና ከዓይን ተሰወረ። ስልሳ ሁለት ሰው ወደ እኔ ዞረ።

ስልኬን አወጣሁ።

«እማዬ፣ ነይልኝ።»

«ማክሰኞ አይደል?» አለች እናቴ። «ማክሰኞ ማክሰኞ የአደባባዩ የውሃ መስመር እንደሚዘጋ አልነገራችሁም እንዴ ማንም? ጣቢያው ጋ መልሻቸው። መጣሁ።»

የመጣችው የድሮ የሥራ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ የጉድጓድ ክዳን የምታነሳበትን ብረት ይዛ ነው። የጣቢያው ሹም ሲያዩዋት «ውይ፣ እትዬ ቆጣሪ! ዕዳ ነው ምሕረት?» አሉ። እሷ የሻንጣ መግፊያው ጋሪ ላይ ወጣችና ሰዉን በዓይኗ አንዴ ዞረችው።

«እንደምን አደራችሁ! እኔ እዚህ ከተማ ውሃ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ንግግር አልችልም። አሁን አራት ሰዓት ነው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ትበላላችሁ። ስልሳ ሦስት ሰው ለአንድ ወጥ ቤት ይከብዳል፤ ለሰባት ወጥ ቤት ግን ዘጠኝ ዘጠኝ ነው፣ ቀላል ነው። እስከዚያ ድረስ የሚታይ አሳያችኋለሁ። ያልጣመው ሰው ተመልሶ እዚህ ይቀመጥ፣ አልቀየምም።»

«ስልሳ ሁለት ነን» አለ ተማሪው። «እሳቸው አይመጡም።»

እናቴ ከጋሪው ወርዳ ሽማግሌው ፊት ቆመች። «ምን ይሠራሉ ጌታዬ?»

«መነጽር እሸጣለሁ።»

«መነጽር!» አለች እናቴ። «ለሰው ሁሉ ዓይን ሲያድሉ ኖረው ለራስዎ አንድ አላስቀሩም?»

መሳፈሪያው በሳቅ ተናጋ። ይሄኛው ጥሩ ሳቅ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ቦርሳቸውን ለሹሙ ሰጡና ተነሱ።

መንገድ ላይ እናቴ በግራ እጇ እየመራች በቀኟ ስልክ ትደውላለች። ሾርባ ቤት ያለችው ወይዘሮ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ዘጠኝ ሰው? አብደሻል? አራት ጠረጴዛ ነው ያለኝ፣ ሦስቱ ደግሞ ደንበኛ አለባቸው!»

«ዘጠኝ ሳህን አለሽ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አለችና ዘጋችባት። ለስድስቱም እንዲሁ።

መጀመሪያ የወሰደችን የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። እኔ የተማርኩበት። ዘበኛው ሲያዩዋት ሳይጠየቁ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሁላችንም የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነው ብለን በምናስበው ጎጆ ውስጥ፣ አንድ የብረት በር አለ። እናቴ ልትከፍተው ስትል አለቃዬ ከኋላ እየሮጠ ደረሰ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ማን ፈቀደ?» አለ። «እትዬ፣ ይሄ የእንግዳ ቦታ አይደለም! ሰው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?»

ሰዉ ወደ እናቴ ዞረ። እሷ ብረቷን ይዛ በሩን ታያለች። ያን ጊዜ ከቢሮ የወጣችበት አረማመድ ትዝ አለኝ፣ እና ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ብቻ ወጣ።

«እኔ እጠየቃለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ወረቀት ያምጡ፣ እፈርማለሁ።»

«እናትሽ ስለሆኑ ነው እንዲህ የምትይው።»

«እናቴ ስለሆነችማ ያን ጊዜ ዝም አልኩ» አልኩት። «ወረቀቷን ሲመልሱላት አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ የምናገረው ስለምታውቅ ነው። እኔም እርስዎም የማናውቀውን ስለምታውቅ።»

እናቴ አላየችኝም። ነገር ግን ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞር ብላ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ደረጃው አርባ ነው» አለችው። «አስራ ሰባተኛው ስንጥቅ አለበት፣ እሱን በግራ እንረግጣለን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ወርጄበታለሁ፤ አንድ ቀን አልወደቅኩም። የእርስዎ ጫማ ግን ያንሸራትታል። ከኋላዬ ይሁኑና ትከሻዬን ይያዙ።»

እሱም፣ ምን ያድርግ፣ ትከሻዋን ያዘ።

ወረድን። መጀመሪያ ቅዝቃዜው ተቀበለን፣ ቀጥሎ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ። ዘበኛው መብራቱን ሲያበሩት ስልሳ ሦስቱም ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ከትምህርት ቤቱ ስር፣ እኔ ስምንት ዓመት ገመድ ስዘልበት ከኖርኩበት ሜዳ ስር፣ እንደ ትልቅ አዳራሽ የተንጣለለ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ሃያ አራት የድንጋይ ምሰሶ በስድስት ረድፍ ቆሟል። ቧንቧ ከመምጣቱ በፊት ከተማው በሙሉ የሚጠጣው ከዚህ ነበር። ውሃው አሁንም አለ፤ ጉልበት ድረስ ይሆናል፣ ጥርት ከማለቱ የተነሳ ምሰሶዎቹ ወደ ታች ተዘቅዝቀው የቆሙ ሌላ ሃያ አራት ይመስላሉ። በዙሪያው የምንቆምበት ጠርዝ አለ።

ድንገት ያ ሕፃን፣ ሲያለቅስ የረፈደው ሕፃን፣ በውሃው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን አየና ሳቀ። ሳቁ ከምሰሶ ምሰሶ እየተላተመ ጨለማው ውስጥ ገባ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። ሕፃኑ የራሱን ሳቅ ሲሰማ ጭራሽ ተንከተከተ። ከዚያ ሁላችንም። መነጽር ሻጩ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ፈተው አንዱን ምሰሶ በመዳፋቸው እየዳበሱ «ሃያ ስድስት ዓመት! ሃያ ስድስት ዓመት!» ይላሉ። አለቃዬ ደረጃው ግርጌ ደርቆ ቀርቷል። አፉ ተከፍቷል። እዚህ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ የከተማው ቱሪዝም ኃላፊ ነው፤ እዚያ ወርዶ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እናቴ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ቤት አጣደፈችን። ጠባብ ፎቅ ነው፣ ከታች ጫማ ሰፊ፣ ከላይ እሱ። አንድ መቶ አርባ የግድግዳ ሰዓት አለው፣ ሁሉም ይሠራሉ። ክፍሉ ከአስር ሰው በላይ ስለማይዝ የቀረነው ደረጃውንና መንገዱን ሞልተን ቆምን፣ መስኮቶቹ ተከፈቱልን። «ሁሉንም ባንድ ጊዜ ካስጮህኳቸው የማናቸውም ድምፅ አይሰማም» አለ ሰዓት ጠጋኙ ከላይ ብቅ ብሎ። «ስለዚህ እያንዳንዱን ከፊተኛው በሦስት ሰከንድ አዘገየዋለሁ። እዚህ ቤት ስድስት ሰዓትን ለመደወል ሰባት ደቂቃ ይፈጃል።» ከዚያ ጀመሩ። ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ እንደ ሳንቲም የሚንጫረረው፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን የሚጠርገው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየተቀበለው። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ መቀሷን ይዛ በር ላይ ወጣች፤ ሁልጊዜ የምትሰማውን ነገር እኛ ስንሰማው ለማየት። ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ። ሰዓት ጠጋኙ ዓይኑን በእጀታው ጠረገና መስኮቱን ዘጋ።

ከዚያ ምሳ። ወገኖቼ፣ ስለዚያ ምሳ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሰው ወንዝ ዳር ያሉት እህትማማቾች ጋ ለዓሣ፣ ዘጠኝ ሰው ጡረተኛው መርከበኛ ጋ ለሩዝና ለቅመም፣ ዘጠኝ ሰው የዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ እንዲያ እያለ ከተማው ስልሳ ሦስቱንም ተካፈላቸው። እኔ ሰባቱም ቤት ጋ ስሮጥ ከሁሉም ቀመስኩ። ሾርባ ቤቷ ደርሼ ያየሁት ግን አይረሳኝም። ጎማ ጠጋኙ የወንበሩን ችግር ሰምቶ ስምንት አሮጌ ጎማ አጥቦ፣ ሁለት ሁለቱን ደራርቦ፣ በላያቸው ሳንቃ ዘርግቶ፣ ግቢው ውስጥ የሚያምር መቀመጫ ሠርቷል። መነጽር ሻጩ መሃል ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ አላወለቁትም፣ አልጠረጉትም፣ በጭፍን ይበላሉ። ሦስተኛ ሳህናቸው ነው። ባለቤቷ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እትዬ ቆጣሪን ንገሪልኝ» አለችኝ። «አብደሻል ያልኳትን አንስቻለሁ። ነገም ታብድልኝ።»

አለቃዬን እዚያው አገኘሁት። ጥግ ላይ ቆሞ ሾርባውን ይጠጣል። ሳየው ሳህኑን ዝቅ አደረገና «ጎመኑ...» አለ። ቀሪውን አልጨረሰውም። አያስፈልግም ነበር።

ስምንት ተኩል ላይ እናቴ ወደ መጨረሻው ቦታ ወሰደችን፦ ወደ ውሃ ማማው። አንድ መቶ አስራ ሁለት ደረጃ ነው። የደከመው ይቅር ብትል ማንም አልቀረም፤ ሕፃኑን እየተቀባበሉ አወጡት። ከላይ ያየነውን ከተማ እኔ አላውቀውም ነበር። ወንዙ ከተማውን በክንዱ አቅፎ ይዞራል። ከጣቢያው የሚታየው ያ የሲሚንቶ ግድግዳ ከዚህ ሲታይ የጨርቅ ማቅለሚያ ሠፈሩ የጀርባ ግድግዳ ነው፤ ከኋላው ሃያ ሠላሳ ጣሪያ፣ በየጣሪያው ላይ እንዲደርቅ የተሰጣ ጨርቅ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ የባሕር ሰማያዊ፣ በነፋሱ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሐዲዱን፣ አንድ ጊዜ ጣሪያዎቹን አዩ። «አስር እርምጃ» አሉ ለራሳቸው። «አስር እርምጃ ነበር ከመስኮቴ።»

በዚህ መሃል የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሐዲዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ተከፍቷል። ከማማው ላይ ቁልቁል ስናይ ባቡሩ ባዶውን ቆሟል፣ የጣቢያው ሹም ጉንዳን አክለው መሳፈሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ባንዲራቸውን ያውለበልባሉ። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም እናቴን ያያል።

«ባቡራችሁ ነው እኮ» አለች እሷ።

«ሰምተናል» አለች የሕፃኑ እናት። «ያ ሰማያዊው ጨርቅ ያለበት የማን ጣሪያ ነው?»

ባቡሩ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሄደው፤ መጀመሪያ በተባለው ሰዓት። ሹሙ «በሥራ ዘመኔ መንገደኛ ባቡር ሲጠብቅ እንጂ ባቡር መንገደኛ ሲጠብቅ አላየሁም» እያሉ ይጮኻሉ፣ ግን ጩኸታቸው ፈገግታ ነበረበት። ሰዎቹ በየእጃቸው ዳቦ፣ ጨርቅ፣ የተጠገነ ሰዓት ይዘው ገቡ። አርባ ዘጠኝ ገቡ። አስራ አራቱ ትኬታቸውን ለነገ አዘዋወሩ፤ የመነጽር ነጋዴው ለሦስት ቀን። ባቡሩ ሲነቃነቅ በየመስኮቱ ያሉት ሰዎች «እትዬ ቆጣሪ! እትዬ ቆጣሪ!» እያሉ በአንድ ድምፅ ጮኹ። እናቴ እጇን ከፍ አድርጋ ቆመች። እኔ ከጎኗ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ይቅርታ ልላት ቃል ስፈልግ፣ እሷ ቀድማ «በሩ ጋ የተናገርሽው» አለች፣ «እስኪ ድገሚልኝ፣ በደንብ አልሰማሁትም።» በደንብ ነው የሰማችው። ደገምኩላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቤታችን መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እትዬ፣ ተሳስቼ ነበር» አለ፣ እንዲሁ፣ ሳያሳምረው። ወረቀቱን ሊያሳትመው እንደሚፈልግ ነገራት። እናቴ «የማያውቁትን አያሳትሙ፣ መጀመሪያ ይራመዱት» አለችው። አምስት ቀን ሙሉ ይዛው ዞረች። በሁለተኛው ቀን ያ መስታወት ጫማው ቀርቶ ቦት ጫማ ገዛ። እየተራመደ ማስታወሻ ይይዛል፣ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ታርመዋለች። ልንገራችሁ፣ ጎበዝ ወጣው። ወረቀቱ ታተመ፤ ርዕሱም እሷ እንዳለችው፣ ስሟም ከስሩ በትልቁ። ሐዲዱ ዳር ያለው ወሬ ደግሞ ከወረቀቱ ቀድሞ ሄዷል። በወሩ የጣቢያው ሹም አንድ ትኬት ቆራጭ ጨመሩ። በሁለተኛው ወር ሰባቱ ምግብ ቤቶች አስራ አንድ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ራሳቸውን አስጎብኚ አድርጎ አሰለጠነ፤ ያ አርባ ደረጃ የእጅ መደገፊያ ተሠራለት።

በአራተኛው ወር ከመነጽር ነጋዴው ከተማ ደብዳቤ መጣ። የከተማቸው ምክር ቤት ማኅተም አለበት። «እኛም ከተማችን ምንም የላትም ስንል ኖረናል» ይላል። «አባባላችንን ተጠራጥረነዋል። አንድ ሳምንት መጥተው አብረውን ይራመዱ።» እናቴ አንብባ መልሳ አነበበች፣ ከዚያ መነጽሯን፣ ሽማግሌው የሰጧትን አዲሱን መነጽር፣ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከከተማችን ወጥታ አታውቅም። አንድም ቀን።

የሄደችበት ቀን ጣቢያው ሞላ። ሾርባ ቤቷ፣ እህትማማቾቹ፣ መርከበኛው፣ ጎማ ጠጋኙ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ሁሉም የመንገድ ምግብ ቋጥረው መጡ፤ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአንድ ዓመት የሚበቃ። ሹሙ በራሳቸው እጅ ወንበሯ ድረስ ወሰዷት። መስኮት አጠገብ። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንገቷን አውጥታ ጠራችኝ። የምክር ናዳ ጠብቄ ነበር።

«የዛሬዎቹ ሃያ ስምንት ናቸው» ብቻ አለችኝ። «ውሰጃቸው።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አላየችም፤ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። እስክትርቅ ድረስ አየኋትና ዞርኩ። ከኋላዬ ሃያ ስምንት ሰው ከባቡሩ ወርዶ፣ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ እኔን ይጠብቃል። ጋሪው ላይ ወጣሁ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ፣ ድምፄ ጣቢያውን ሞላው። «ተከተሉኝ!»